ነጭ በነጭ ላይ፦ የበረዶ ፎቶን የሚያበላሹ ስህተቶች

አንዲት ዛፍ፣ ሰፊ በረዶ፣ ከሰማዩ ጋር የተዋሃደ አድማስ። ሚኒማሊስት የሚባለው፣ ጥቂት ነገር ብቻ የሚያሳየው የበረዶ ወቅት ፎቶ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሲያነሱት ግን ጣጣው ብዙ ነው። ብዙ ነገር ባለበት ፎቶ ውስጥ ትንሽ እንከን ተደብቆ ያልፋል። እዚህ መደበቂያ የለም። ፍሬሙ ውስጥ ያሉት ሦስት ነገሮች ከሆኑ፣ አራተኛው ሆኖ የሚታየው ስህተታችሁ ነው።

በረዶው ግራጫ ሲሆን

ጀማሪውንም ልምድ ያለውንም የሚያጠምደው ይሄ ነው። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምተው፤ 18 በመቶ ያህል ብርሃን የሚመልስ ነገር ማለት ነው። አዲስ የጣለ በረዶ ግን ካረፈበት ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ይረጨዋል። ካሜራው ታዲያ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልመዋል። ቤት ገብታችሁ ስታዩት በረዶው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል።

መፍትሔው ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን ነው፤ ካሜራው ከገመተው በላይ ወይም በታች ብርሃን እንዲያስገባ የምታዙበት ማስተካከያ። ከ+1 እስከ +2 ስቶፕ ከፍ አድርጉት፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ነው። በረዶና ደመናማ ሰማይ ፍሬሙን ከሞሉት ወደ +2 ተጠጉ፤ ጥቁር የዛፍ ግንድ ሰፊ ቦታ ከያዘ ደግሞ ያን ያህል አያስፈልግም። አንዳንድ አዳዲስ ካሜራዎች የበረዶን ትዕይንት ለይተው በከፊል ራሳቸው ያስተካክላሉ። ስለዚህ ቁጥሩን በጭፍን አትመኑት፣ ሂስቶግራሙን እዩ፤ በግራ ጨለማውን፣ በቀኝ ብሩሁን የሚያሳየው የካሜራው ግራፍ ነው። የበረዶው ጉብታ ወደ ቀኝ ተጠግቶ፣ ግን የቀኙን ግድግዳ ሳይነካ መቆም አለበት። የካሜራውን ስክሪን አምናችሁ ግን አትፍረዱ። በዚያ ሁሉ ነጸብራቅ መሃል ቆማችሁ ስታዩት ማንኛውም ፎቶ ጨለማ ነው የሚመስለው።

ነጩን ማቃጠል

ግራጫውን ፈርተው ወደ ሌላኛው ጥግ የሚሮጡም አሉ። ከ0 እስከ 255 በሚቆጠረው የብርሃን ደረጃ 255 የደረሰ በረዶ አለቀ፤ ውስጡ ምንም መረጃ የለም፣ የትኛውም ኤዲት አያመጣውም። ነፋስ በበረዶው ላይ የሠራቸው ቀጫጭን ሞገዶች የሚጠፉት እዚያ ላይ ነው። በረዶውን ከ235 እስከ 245 አካባቢ ብትተዉት ነጭነቱም አይጎድልም፣ ሞገዱም ይታያል። ሰማዩ ቢቃጠል እኔ ግድ የለኝም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ያምርበታል። መሬቱ ላይ ያለው በረዶ ሲቃጠል ግን ዛፏ አየር ላይ የተንጠለጠለች ትመስላለች።

ካሜራችሁ የተቃጠለውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳይ ማስጠንቀቂያ ካለው ክፈቱት። ፎቶውንም በሮው አንሱ፤ ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) የያዘውን መረጃ ሳይጨመቅ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት ነው። የተለመደው የተጨመቀ ፋይል፣ ጄፔግ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲኖረው፣ 14 ቢት ሮው 16,384 ደረጃ አለው። ነጭን ከነጭ መለየት ስትፈልጉ ይህ ልዩነት ትርፍ ነገር አይደለም።

ባዶውን ብቻ ማንሳት

በእኔ እይታ አብዛኛው የዚህ ዓይነት ፎቶ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ነገር ስለበዛበት ሳይሆን ጭራሽ ስለሌለው። ባዶ ቦታ ኃይል የሚያገኘው ዓይን የሚያርፍበት አንድ ነገር ሲኖር ነው።

በበረዶ ተዳፋት ላይ ሽቅብ የሚወጣ የእንጨት አጥር አስቡ። ከታችኛው ጫፉ ፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩት እንጨቶቹ ተደራርበው አንድ ጥቁር መስመር ይሆናሉ። ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ጎን ሂዱ። አሁን በእንጨትና በእንጨት መሃል ነጭ ክፍተት ይከፈታል። አንዱ እንጨት ያዘመመ መሆኑም ይታያል። በቃ፣ ፎቶው እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ለእሱ ቦታ ይለቃል። እዚያው ቆማችሁ ዙሙን ብትጠመዝዙት ግን ያ ክፍተት አይመጣም፤ የሚያመጣው እግር ነው።

መጠኑስ ምን ያህል ይሁን? ፎቶውን በስልክ ስክሪን ላይ አሳንሳችሁ እዩት። ዛፏ ከጠፋች በጣም አንሳለች ማለት ነው። ቦታዋን በተመለከተ፣ ፍሬሙን ሦስት ቦታ ክፈሉ የሚለው ሕግ እዚህ ላይ ብዙም አያስረኝም። ዛፏ ወደ ቀኝ ካዘነበለች በቀኝ በኩል ሰፋ ያለ ቦታ ተዉላት። ግራና ቀኟ እኩል ከሆነ ደግሞ መሃል ላይ ብታቆሟት ማንም አይከሳችሁም።

ሰፊ ቦታ ስለሆነ ሰፊ ሌንስ

አይሆንም። 16 ወይም 24 ሚሊሜትር ሌንስ የመብራት ምሰሶውንም፣ መንገዱንም፣ የቆመውንም መኪና ሰብስቦ ያመጣላችኋል። ለዚህ ሥራ ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር ያለው ረጅም ሌንስ ይሻላል፤ የማትፈልጉትን ከፍሬም ውጭ ያስቀራል። ሌላም ጥቅም አለው፤ በረዶው ላይ ሳትረግጡ ከሩቅ ታነሳላችሁ። ብዙ ሰው ጥሩ አንግል ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ይልና መጨረሻ ላይ የሚያገኘው የራሱን ዱካ ነው። አንዴ ከረገጣችሁት ሌላ በረዶ እስኪጥል ጠብቁ።

ትናንሽ የሚመስሉት

ከፍሬሙ ጥግ ብቅ ያለች አንዲት ቅርንጫፍ፣ በትንሹ የተንጋደደ አድማስ፣ ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ። ሌላ ፎቶ ላይ ማንም አያያቸውም፣ ነጭ ላይ ግን ይጮኻሉ። በተለይ አቧራው የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ወደ ኤፍ 16 ስታጠቡት (የኤፍ ቁጥር ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ኤፍ 8 ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሹተሩን ከመጫናችሁ በፊት ዓይናችሁን በአራቱም ጠርዝ አዙሩ።

ሰማያዊውን ሙልጭ አድርጎ ማጥፋት

ጥላ ውስጥ ያለ በረዶ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ፀሐይ ስለማታገኘው ብርሃኑ የሚመጣው ከሰማዩ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም። ዋይት ባላንሱን (ካሜራው ነጭን ነጭ አድርጎ የሚያሳይበትን የቀለም ማስተካከያ) እየገፋችሁ በግድ ነጭ ብታደርጉት ብርዱም አብሮ ይሄዳል። አውቶ ላይ ከተዉት ደግሞ ቀለሙ ከፎቶ ፎቶ ሊለዋወጥ ይችላል። 5,500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) አካባቢ አስሩትና የቀረውን ኤዲት ላይ ጨርሱት።

ነጭ ላይ ፎከስ መፈለግ

አውቶፎከስ የሚይዘው ጨለማና ብርሃን የሚገናኙበትን ጠርዝ ነው። ባዶ በረዶ ላይ ካነጣጠራችሁት ሌንሱ ወደፊት ወደኋላ ሲል ይውላል። የግንዱን ጠርዝ ስጡት። በረዶ እየጣለ ከሆነ ደግሞ ቅርብ ያለውን ብናኝ ሊይዝ ስለሚችል ማኑዋል፣ ማለትም በእጅ ፎከስ ማድረግ፣ ይሻላል። በነገራችን ላይ ብናኙ ቆሞ እንዲታይ ከፈለጋችሁ የሹተር ፍጥነቱን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/500 ሰከንድ አድርጉት፤ 1/30 ላይ የተዘረጋ ጭረት ይሆናል።

ኤዲት ላይ ጭጋጉን መግፈፍ

ጭጋግ የሚቀንሰው ዲሄዝና ዝርዝሩን የሚያጎላው ክላሪቲ የሚባሉት የኤዲት መቆጣጠሪያዎች ያጓጓሉ። ግን አስቡት፤ ከዛፏ ጀርባ ያለውን ኮረብታና ሰፈር የሸፈነላችሁ ጭጋጉ ነበር። ዲሄዙን ስትስቡት የተሸፈነው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። ክላሪቲው ደግሞ ሲበዛ በዛፏ ዙሪያ ነጣ ያለ ቀለበት ይሠራል፤ ነጭ ላይ ያ ያስጠላል። እኔ ግንዱን በትንሹ አጠቁርና እተወዋለሁ።

ስለ ብርዱ አጭር ነገር፦ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፣ ትርፉን የውስጥ ኪሳችሁ አድርጉት። ወደ ሞቃት ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ካሜራውን ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አሽጉት። ጤዛው ከረጢቱ ላይ ይቀራል።

የታወቀችውን ዛፍ ማሳደድ

በጃፓን ሆካይዶ፣ ቢዬ በምትባል ከተማ አንድ ዘመም ያለ ዛፍ ነበር። የፈላስፋው ዛፍ ይሉት ነበር። የቆመው በአንድ ገበሬ ማሳ ውስጥ ነበር። አትግቡ የሚል ምልክት ቢኖርም ፎቶ አንሺውም ጎብኚውም ማሳውን እየረገጠ ይገባ ነበር። ዛፉም አርጅቶ ነበርና በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. ገበሬው ቆረጠው። በረዶ አጥርንም ድንበርንም ይሸፍናል፤ ከስሩ የተዘራ ስንዴ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የሰው መሬት ከሆነ ከመንገዱ ዳር ሆናችሁ በረጅሙ ሌንስ አንሱ። ደግሞም እዚያ አካባቢ ስሙ ያልወጣለት፣ ማንም ያላነሳው ሌላ ዛፍ አይጠፋም።