የጀበና ኢሞጂ እንዲጸድቅ ከፈለጋችሁ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ጀበና ኢሞጂ የለውም። እንጀራም የለውም። ይህ የሚቆጫችሁ ከሆነ አመልክቱ! ኢሞጂዎችን ለሚያጸድቀው ድርጅት፣ ለዩኒኮድ ኮንሶርቲየም፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ማመልከት ይችላል። በርሊን ትኖር የነበረችው የ15 ዓመቷ ሳዑዲያዊት ራዩፍ አልሁመይዲ በ2016 እ.ኤ.አ. አመልክታ፣ በዓመቱ ሂጃብ የለበሰችው ሴት ኢሞጂ ጸደቀች። ብዙ ማመልከቻ ግን በማይረባ ምክንያት ይወድቃል።

ፊርማ ማሰባሰብ። ስንት ሺህ ሰው ቢፈርም ድርጅቱ ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ ምክንያቱም ዘመቻ በቀላሉ ይጋነናል። የሚፈልገው የኢሞጂው መጠሪያ ቃል በጉግል ፍለጋና በመጻሕፍት ውስጥ ምን ያህል እንደሚገኝ የሚያሳይ ግራፍ ነው፤ ማነጻጸሪያውም elephant (ዝሆን) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው።

«ሱሺ ካለ እንጀራ ለምን ይቀራል?» ብሎ መከራከር። በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው። ስሜቱ ይገባኛል፣ ግን አያዋጣም። ሱሺ የገባው የጃፓን የስልክ ኩባንያዎች ቀድመው ይጠቀሙበት ስለነበር ነው፤ ዩኒኮድ በ2010 እ.ኤ.አ. የነሱን ምልክቶች በጅምላ ተቀበለ። የቶኪዮ ማማም እንደዚሁ ገባ፣ ዛሬ ግን ያንን ጠቅሶ የኤፍል ማማን መጠየቅ አይቻልም። ስለዚህ ሌላውን ተዉትና የራሳችሁን ነገር አስረዱ። ጀበና ዕቃ ብቻ አይደለም፤ «ቡና ጠጡ» ማለት ነው፣ እንግዳ መቀበል ነው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ መጨዋወት ነው፣ እና አንድ ምልክት ብዙ ነገር መናገር ከቻለ ሚዛን ይደፋል።

ያለውን አለማየት። ቂጣ የሚመስል ኢሞጂና የሻይ ማንቆርቆሪያ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሉ። የእናንተው ከነሱ በምን እንደሚለይ በትንሽ መጠንም መታየት አለበት። እንጀራ ሲያንስ ክብ ነገር ብቻ ነው የሚሆነው። ጀበና ግን አንገቱና ሆዱ ያስታውቃል፤ ለኔ የተሻለ ዕድል ያለው እሱ ነው።

ባንዲራ፣ የድርጅት አርማ፣ አንድን የታወቀ ሰው (በሕይወት ያለም ይሁን የሞተ) ወይም አምላክ መጠየቅ። አይሆንም፣ ጊዜ አታባክኑ። የኢትዮጵያ ባንዲራ የመጣው እንኳ በማመልከቻ ሳይሆን ከአገሪቱ ዓለም አቀፍ ባለሁለት ፊደል መለያ ነው።

ሥዕሉ ላይ መጨነቅ። ዩኒኮድ የሚሰጠው ኮድና ስም ነው፤ አፕልም ጉግልም ለየራሳቸው ይሥላሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. አፕል ሽጉጡን ወደ ውኃ መርጫ መጫወቻ የቀየረው ማንንም ሳያስፈቅድ ነው። የምትልኩት ሥዕል ግን የሌላ ሰው የቅጂ መብት ያለበት እንዳይሆን።

መቸኮል ደግሞ አለ። ውድቅ የተደረገ ሐሳብ ዓመታት ሳያልፉ እንደገና አይታይም፣ ሌላ ሰው ቢያቀርበውም እንኳ። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት የወደቁትን ዝርዝር ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ተመልከቱ።