ወለም ያለ ቁርጭምጭሚትን መልሶ ማጠንከር
ከፒያሳ በቸርችል ቁልቁለት ሲወርዱ እግርዎ ወለም ካለዎት፣ አራት እርምጃ ለመራመድ ይሞክሩ። ካቃተዎት ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲነካ ክፉኛ ካመመዎት ራጅ ይነሱ። ከዚያ በፊት እባክዎ ወጌሻ ጋ ሄደው አይታሹ፤ አጥንቱ ተሰንጥቆ ከሆነ መታሸቱ ያባብሰዋል።

ስብራት ከሌለ፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው በየ3 ሰዓቱ ለ15 ደቂቃ ያድርጉበት። ህመሙ ሲቀንስ በተጎዳው እግርዎ አውራ ጣት አየር ላይ ፊደል ይጻፉ። ቀጥሎ ግድግዳ ይዘው ተረከዝዎን ያንሱ፤ 10 ጊዜ፣ 3 ዙር።

ብዙዎች ህመሙ ሲጠፋ እዚህ ላይ ያቋርጣሉ። ነገር ግን ጅማቱ ሲጎዳ ሚዛን የመጠበቅ ችሎታም አብሮ ይዳከማል፤ እግሩ ደጋግሞ ወለም የሚለው ለዚህ ነው። በተጎዳው እግር ብቻ 30 ሰከንድ መቆም ይለማመዱ፤ ሲቀልልዎት ዓይንዎን ጨፍነው። ሳይንገዳገዱ መቆም እስኪችሉ ታክሲ ለመያዝ አይሩጡ።