የአሮጌ ኦፊስ ሰርቪስ ፓክ አልጫን ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ሰርቪስ ፓክ (ለኦፊስ የወጡ ማሻሻያዎችን በአንድ ፋይል የያዘ ጥቅል) አልጫን ሲል ብዙ ሰው ፋይሉን ደግሞ ደጋግሞ ያወርዳል። ፋይሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ኦፊስ ጋር አልገጠመም እንጂ። ስለዚህ መጀመሪያ ዎርድን ከፍተው የቨርዥን ቁጥሩን ያንብቡ። በኦፊስ 2010 ፋይል፣ ከዚያ ሄልፕ ውስጥ ይገኛል፤ በ2013 ደግሞ ፋይል፣ አካውንት፣ አባውት ዎርድ። ለ2010 ቁጥሩ 14.0.4763 ከሆነ ምንም ሰርቪስ ፓክ አልተጫነም፣ 14.0.6029 ሰርቪስ ፓክ 1 ነው፣ 14.0.7015 ሰርቪስ ፓክ 2። በ2013 ላይ 15.0.4569 ሰርቪስ ፓክ 1ን ያመለክታል። ለ2007 እና ለ2010 የመጨረሻው ሰርቪስ ፓክ የቀደሙትን ሁሉ ስለሚይዝ በቅደም ተከተል መጫን አያስፈልግም። ለ2007 በቀጥታ 3ኛውን፣ ለ2010 በቀጥታ 2ኛውን ይጫኑ።

ምልክት፦ «የሚጠበቀው የፕሮግራሙ ቨርዥን አልተገኘም» ይላል

በጣም የተለመደው ምክንያት ቢት ነው፤ ማለትም ፕሮግራሙ የተሠራው በ32 ቢት ወይም በ64 ቢት ዓይነት መሆኑ። ሰው ዊንዶውሱ 64 ቢት መሆኑን አይቶ ባለ 64 ቢቱን ሰርቪስ ፓክ ያወርዳል። የሚቆጠረው ግን የኦፊሱ ቢት ነው፤ የኦፊስ 2010 መጫኛ ደግሞ ካልተነገረው በስተቀር 64 ቢት ዊንዶውስ ላይም 32 ቢቱን ይጭናል። ቢቱ ከቨርዥን ቁጥሩ ጎን ተጽፏል። 2007 እና ከዚያ በፊት የነበሩት ባለ 64 ቢት እትም ስላልነበራቸው እዚያ ይህ ጣጣ የለም።

ቢቱ ትክክል ከሆነ ኦፊሱ በክሊክ ቱ ረን (ከኢንተርኔት ተጭኖ ማሻሻያውን በራሱ በሚያወርድ መንገድ) የተጫነ ሊሆን ይችላል። በ2013 አካውንት ገጽ ላይ «አፕዴት ኦፕሽንስ» የሚል ቁልፍ ካለ እንደዚያው ነው። ለዚህ ዓይነቱ የሚወርድ ሰርቪስ ፓክ አይሠራም፤ ያንኑ ቁልፍ ተጭነው «አፕዴት ናው» ይበሉ። ቪዚዮና ፕሮጀክትም የየራሳቸው ሰርቪስ ፓክ አላቸው፤ የኦፊሱ ለእነሱ አይሆንም።

ምልክት፦ መሀል ላይ ሲዲ ይጠይቃል

ከ2003 ጀምሮ ኦፊስ የመጫኛ ፋይሎቹን ኤምኤስኦካሽ በሚባል የተደበቀ ፎልደር ያስቀምጣል። ዲስክ ለማጽዳት ሲባል ፎልደሩ ከጠፋ ሰርቪስ ፓኩ የሚያሻሽለውን ፋይል ከየት እንደሚያመጣ አያውቅም። ሲዲውን አስገብተው የሚጠይቀውን ፋይል ያሳዩት። ሲዲው ግን ያው ራሱ እትም መሆን አለበት፦ ስታንዳርድ የተጫነበት ላይ የፕሮፌሽናል ፕላስ ሲዲ አይቀበልም፣ ቋንቋውም መመሳሰል አለበት።

ትክክለኛው ሲዲ ገብቶም እንቢ ካለ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ኢንስቶለር የተባለ የተደበቀ ፎልደር ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ፎልደር በፍጹም በእጅ አያጽዱ፤ በዊንዶውስ ኢንስቶለር የተጫኑ ፕሮግራሞችን ለማሻሻልና ለማራገፍ የሚያስፈልጉት ፋይሎች እዚያ ናቸው። ከዚህ በኋላ ኦፊሱን አራግፎ እንደገና መጫን ይሻላል። ማራገፉ ካልተሳካ የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መጫኛና ማራገፊያ ችግር ፈቺ መሣሪያ ይረዳል።

ለ2007፣ 2010 እና 2013 ዳግም ሲጭኑ ሥራ የሚያቀል መንገድ አለ። የሲዲውን ይዘት በሙሉ ወደ ሃርድ ዲስክ ይቅዱ። ሰርቪስ ፓኩን ከኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት) በኤክስትራክት (/extract) ትእዛዝ ይፍቱት፤ የሚወጡትን የኤምኤስፒ (.msp) ፋይሎች ቅጂው ውስጥ «አፕዴትስ» በተባለው ፎልደር ያስቀምጡና ሴትአፑን ያስነሱ። ኦፊሱ ሰርቪስ ፓኩን ይዞ ይጫናል። ይህ የሚሠራው ለመጀመሪያ ጭነት ብቻ ነው።

ምልክት፦ ጀምሮ ይቆማል፣ ወይም ቁጥር ብቻ ይሰጣል

17025 ቀድሞ ተጭኗል ማለት ነው፤ ስህተት አይደለም። 17022 ሪስታርት ይጠብቃል። 17038 የአድሚኒስትሬተር ፈቃድ አላገኘም፤ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብለው ይክፈቱ። 1618 ሌላ ጭነት በመካሄድ ላይ ነው፤ እስኪያልቅ ይጠብቁ። 1603 ከሁሉም አስቸጋሪው ነው፣ ምክንያቱን አይናገርምና። ከኮማንድ ፕሮምፕት ላይ በሎግ (/log) ትእዛዝ ያስጀምሩትና በሚወጣው ፋይል ውስጥ «ሪተርን ቫልዩ 3» የሚለውን ይፈልጉ፤ እውነተኛው ምክንያት ከእሱ በላይ ባሉት ጥቂት መስመሮች ላይ ነው።

ምልክት፦ ሰርቪስ ፓክ ሳይሆን የደህንነት አፕዴቱ አልገባም አለ

17031 ካሳየ መነሻው ጎድሏል፤ ማለትም አፕዴቱ የሚያርፍበት ሰርቪስ ፓክ አልተጫነም። ለ2010 ከኦክቶበር 2014 እ.ኤ.አ. በኋላ የወጡት ሰርቪስ ፓክ 2ን፣ ለ2013 ከኤፕሪል 2015 በኋላ የወጡት ሰርቪስ ፓክ 1ን ይጠይቃሉ። መጀመሪያ ሰርቪስ ፓኩን ጭነው፣ ሪስታርት አድርገው፣ የቨርዥን ቁጥሩ መቀየሩን አይተው ወደ አፕዴቱ ይመለሱ።