ሞሮዊንድ፣ ኦብሊቪየን ወይስ ስካይሪም? እንዴት እናወዳድራቸው

"ኤልደር ስክሮልስ ከሚባሉት ተከታታይ የቪዲዮ ጌሞች የቱ ይበልጣል?" ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የተጫወተውን ይጠራላችኋል። ከዚያ ክርክሩ ይጦፋል፤ ማንም ማንንም ሳያሳምን ይመሻል። ከጭቅጭቁ የሚሻለው ሁሉንም በአንድ ፈተና ማስቀመጥ ነው።

1. ምርጫውን አጥብቡ። ተከታታዩ በ1994 በአሬና ጀመረ፤ ዳገርፎል በ1996 ወጣ። ሁለቱ ትዕግስት ያስጨርሳሉ፣ ለጊዜው ተዋቸው። ሞሮዊንድ (2002)፣ ኦብሊቪየን (2006) እና ስካይሪም (2011) ይበቃሉ። ሞድ (ተጫዋቾች ራሳቸው የሚሰሩት ማሻሻያ) እንዳትጭኑ። በ2025 የወጣው የታደሰው ኦብሊቪየን ሪማስተርድም የሌቭል (የካራክተር ደረጃ) አሰራሩ ስለተነካካ የድሮውን ያዙ።

2. በሦስቱም አንድ አይነት ካራክተር ፍጠሩ። ሰይፍ የሚይዝ ኖርድ (ከጌሙ ዘሮች አንዱ) ይሁን። ስካይሪም ክላስ (እንደ ተዋጊ ወይም አስማተኛ ያለ የካራክተር ሙያ) አያስመርጥም፤ ዝም ብላችሁ ሰይፍ አንሱ።

3. መድክራብ ፈልጉ። ይቺ ሸርጣን በሦስቱም ጌሞች ውሃ ዳር አትጠፋም። ሞሮዊንድ ላይ ሰይዳ ኒን ከምትባለው መንደር ወጣ ብላችሁ እየሮጣችሁ ሂዱና ሰንዝሩ። ሰይፉ ሸርጣኗን ሲነካ በአይናችሁ ታያላችሁ፤ ጌሙ ግን እንደሳታችሁ ይቆጥረዋል። መምታታችሁን የሚወስነው ከጀርባ ያለ ዕጣ ነው። ስሌቱ ውስጥ የሰይፍ ችሎታችሁም ድካማችሁም ይገባሉ፤ ሩጫ ደግሞ ያደክማል። ድካማችሁን የምታሳየው አረንጓዴ መስመር እስክትሞላ ቆማችሁ ድጋሚ ሞክሩ፣ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ኦብሊቪየንና ስካይሪም ላይ ሰይፉ ከነካ ነካ ነው፤ ችሎታችሁ የሚቀይረው የጉዳቱን መጠን ነው። ብዙ ሰው ሞሮዊንድን የሚተወው እዚህ ጋ ነው። አልፈርድበትም።

4. መንገድ ፈልጉ። ሞሮዊንድ ላይ ባልሞራ የምትባል ከተማ ሄዳችሁ ካየስ ኮሳደስ የሚባል ሰው አግኙ ትባላላችሁ። የሚመራችሁ ቀስት የለም። ሳውዝ ዎል የሚባለው መጠጥ ቤት ገብታችሁ ሰው መጠየቅ ነው፤ በማታውቁት ሰፈር ቤት እንደመፈለግ። ኦብሊቪየን ላይ የኮምፓሱ ቀስት ይመራችኋል፤ ትልልቆቹ ከተሞች ደግሞ ከመጀመሪያው በማፕ ክሊክ ይገባባቸዋል። ስካይሪም ቀስቱን ይዞ ቀጠለ፤ በማፕ መዝለልን ግን አንዴ ለደረሳችሁበት ቦታ ብቻ ፈቀደ። ቀስቱን ሳታዩ በሰዎች ወሬ ብቻ ሚሽን ለመጨረስ ሞክሩ። ስካይሪም ላይ ቶሎ ትጠፋላችሁ፣ ሰዎቹ አቅጣጫ እምብዛም አይናገሩማ።

5. ሌቭል ጨምሩ። ኦብሊቪየን እዚህ ላይ ይወድቃል። ጠላት አብሯችሁ ስለሚያድግ፣ ሌቭላችሁ ከፍ ሲል ተራ የመንገድ ሽፍታ ውድ የመስታወት ጥሩር ለብሶ ይመጣል። ያንን ጥሩር ሸጦ አርፎ አይኖርም ነበር?

6. የቀረውንና የመጣውን ጻፉ። የችሎታዎቹ ብዛት ከ27 ወደ 21፣ ከዚያ ወደ 18 ወርዷል። የራስን አስማት መስራት በስካይሪም ቀርቷል፤ በምትኩ ፐርክ (ሌቭል ሲጨምር የሚመረጥ ልዩ ብቃት) እና የድራጎን ጩኸት (በጩኸት የሚለቀቅ ኃይል) መጡ። ቁጥሩ ስለቀነሰ ብቻ ጌሙ ቀለለ አትበሉ፤ ፐርኮቹ ብዙውን ክፍተት ይሞላሉ። የአስማቱ መቅረት ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

የኔን ፍርድ ከፈለጋችሁ፦ ለዓለሙ ሞሮዊንድ፣ ለዳርክ ብራዘርሁድ (የነፍሰ ገዳዮች ማኅበር) ሚሽኖች ኦብሊቪየን፣ ዝም ብሎ ተራራ ለተራራ ለመዞር ስካይሪም።