ፍልስፍና በአጭር ኮርስ ለምትጀምሩ

ሥራና ልጅ ይዛችሁ ፍልስፍና መማር ካማራችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከመጀመሪያው የግሪክ ፈላስፋ ከታሌስ ጀምሬ እስከ ዛሬ እወጣዋለሁ አትበሉ፣ እኔ እንደዛ ብዬ ሶስተኛው ሳምንት ላይ ነው የተውኩት። አንድ ጥያቄ የያዘ ኮርስ ምረጡ። ለምሳሌ የሃርቫርዱ ማይክል ሳንደል ስለ ፍትህ የሚያስተምረው ዩቲዩብ ላይ በነጻ አለ፣ 12 ክፍል ነው፣ ፍሬን የበጠሰ ባቡር 5 ሰው ከሚገድል 1 ሰው ወዳለበት ይዙር ወይ በሚል ነው የሚጀምረው። እኔ እዚህ ደብረ ማርቆስ ኔትወርኩ ሲመቸው ማታ ማታ ዳውንሎድ እያደረኩ ነው ያየሁት።

ዋናው ግን አይታችሁ ብቻ አትለፉ፣ ክርክሩን በሁለት ሶስት አረፍተ ነገር በአማርኛ ጻፉት፣ መነሻው ምንድነው፣ ድምዳሜውስ ከዛ ይወጣል ወይ? መጻፍ ካቃታችሁ አልገባችሁም ማለት ነው (እኔን ብዙ ጊዜ ያቅተኛል)። ከዛ ለሰው አስረዱ። እዚህ ጎጃም ደሞ እድለኞች ነን፣ ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው አይጠፋም፣ ሰምና ወርቅ ሲፈታ የኖረ ሰው አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ሲያጭበረብር ቶሎ ነው የሚነቃበት። ጎረቤቴን የኔታን የባቡሩን ነገር ብነግራቸው «ጥሩንባ የለውም እንዴ?» ብለው ጀመሩኝ፣ ቡናው ሶስተኛው እስኪደርስ አልለቀቁኝም።