ደንና ባሕር ዳርቻን በአንድ ትሪና በሦስት ሃይላንድ እንዴት እናጥና?

የእህቴ ልጅ ለንደን ነው የምትማረው። ባለፈው ሰሞን ደውላ "ጋሼ፣ የጂኦግራፊ ፈተና ደርሷል፣ ሁለት ምዕራፍ ደግሞ ጭራሽ አልገባኝም" አለችኝ። አንደኛው የደን ጭፍጨፋን ስለመቆጣጠር ነው። ሁለተኛው ባሕር ዳርቻ እንዴት እንደሚሸረሸርና መልሶ እንደሚገነባ። የደወለችው እንግዲህ ባሕርን በዓይኑ ሳያይ ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ የሞገድ ቀስት ሲስል ለኖረ አስተማሪ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ጅቡቲ ሄጄ ውሃው ዳር ቆሜ እስካየው ድረስ የማስተምረው ነገር እኔም በደንብ አልገባኝም ነበር።

ስለዚህ "መጽሐፉን ዝጊና ወጥ ቤት ግቢ" አልኳት። ያደረግነውን እንዳለ ልንገራችሁ። ልጅ ለሚያስጠና ወላጅም ይሆናል፣ ለተማሪም ይሆናል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ሁለቱን ምዕራፎች ለየብቻ አታጥኗቸው፣ ታሪኩ አንድ ነው። ውሃ ጉልበት ሲያገኝ አፈር ያነሳል፣ ይሸከማል፣ ጉልበቱ ሲያልቅ ጥሎት ይሄዳል። ተራራ ላይ ጉልበቱን የሚያገኘው ከቁልቁለቱ ነው፣ ባሕር ላይ ደግሞ ከነፋሱ። በቃ።

የሚያስፈልጋችሁ፦ ሰፋ ያለ የመጋገሪያ ትሪ፣ ሦስት ባዶ ሃይላንድ (የየትኛውም ፋብሪካ ውሃ ይሁን፣ እኛ ጋ ፕላስቲኩ ሃይላንድ ነው)፣ አሸዋ፣ የጓሮ አፈር፣ ከነሥሩ የተነሳ ሳር፣ አንድ ቁንጥር ቀይ ምስር ክክ፣ ማስመሪያ፣ የአይስክሬም እንጨትና ሁለት ብርጭቆ።

1. ተራራውን ሥሩ

ሁለቱን ሃይላንዶች አጋድማችሁ ከላይ ያለውን ጎናቸውን ቁረጡ፣ ጀልባ እንዲመስሉ። ክዳናቸውን አውጡ። በአንዱ አፈር ብቻ ሙሉና ጠቅጠቅ አድርጉት። በሌላው ሳሩን ከነአፈሩ አስቀምጡ። ከቂጣቸው ሥር መጽሐፍ አድርጋችሁ ወደ አፋቸው አዘንብሏቸው፣ አፋቸው ሥር ብርጭቆ ደቅኑ። የሦስተኛውን ሃይላንድ ክዳን በሚስማር ብሱት፣ ዝናብ ይሆናችኋል። ለሁለቱም እኩል ውሃ አዝንቡ። ግማሽ ሊትር ይበቃል፤ እኔ አንድ ሊትር ብያት የእናቷን ወጥ ቤት ወለል በጭቃ ስላጥለቀለቀችው ነው እንዲህ የማስጠነቅቃችሁ።

ከባዶው አፈር የወጣውን ስታይ "ይሄማ ማኪያቶ ነው" አለች። ከሳሩ የወጣው ዘግይቶ መጣ፣ መጠኑም ያንሳል፣ ቀለሙም ፈዘዝ ያለ ሻይ ነው። እዚህ ጋ ቆም በሉና ለምን እንደሆነ ልጁ ራሱ ይናገር። ቅጠሉ የጠብታውን ምት ይቀበላል፣ ሥሩ አፈሩን ይይዛል፣ ውሃውም ወደ ታች ለመስረግ ጊዜ ያገኛል። ዛፍ ሲቆረጥ የሚጠፋው ይሄ ሁሉ ነው።

ብርጭቆዎቹን አትድፏቸው። እስከ ነገ ይቀመጡ። አሸዋው ወዲያው ይወርዳል፣ ደቃቁ ሰዓታት ይፈጅበታል፣ ሸክላው በማግስቱም ውሃውን እንዳደፈረሰ ሊቆይ ይችላል። ወንዝ ሐይቅ ወይም ባሕር ሲገባ ከባዱን አፉ ላይ ጥሎ ቀላሉን ወደ ጥልቁ የሚወስደው በዚሁ ምክንያት ነው።

2. ባሕሩን ሥሩ

አሸዋውን በትሪው አንድ ረጅም ጎን ላይ ቁልቁለት አስይዛችሁ ደልድሉ። በሌላው ጎን ውሃ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። ማስመሪያውን ውሃው ውስጥ አቁማችሁ ወደ አሸዋው ግፉት፣ ይኸው ሞገድ።

መጀመሪያ በቀስታና በእርጋታ። ውሃው አሸዋ ይዞ ይወጣል፣ ሲመለስ ግን አቅም የለውም፣ ስለዚህ ዳርቻው ቀስ በቀስ ይወፍራል። አሁን ደግሞ ፈጠን ፈጠን አድርጋችሁ ምቱት። የሚመለሰው ውሃ ጉልበት ያይላል፣ አሸዋው ወደ ታች ይሳባል፣ ከላይ ትንሽ ገደል ይፈጠራል፣ ሥሩ ይቦረቦርና ዷ ብሎ ይናዳል። ይቺ መናድ በጣም ደስ ትላለች፣ የእህቴ ልጅ ስድስት ጊዜ ደግማዋለች። ገንቢ ሞገድና አፍራሽ ሞገድ የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ቀጥሎ ምስሩ። ውሃና አሸዋው የሚገናኙበት መስመር ላይ፣ በትሪው አንድ ጫፍ በትኑት። አሁን ማስመሪያውን ቀጥ አድርጋችሁ ሳይሆን በጎን አዘንብላችሁ ግፉ፣ ነፋስ ከጎን ሲመጣ ሞገዱ እንደዚያ ነውና። ምስሯ በሰያፍ ትወጣለች። ስትመለስ ግን ስበት ይዟት ቀጥ ብላ ትወርዳለች። እንደገና በሰያፍ፣ እንደገና ቀጥ። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ አምስት ደቂቃም አሥር ደቂቃም ሊሆን ይችላል። መጨረሻ ላይ ግን ምስሮቹ ተጉዘው ወደ ሌላኛው ጫፍ ሲጠጉ ታያላችሁ። መጽሐፉ ላይ በግማሽ ገጽ ዚግዛግ የተሳለው ነገር ይሄ ነው።

ትሪው የማያሳየውም አለ፤ ማዕበል ወደብ ሲያጥለቀልቅ፣ የባሕር ውሃ በጨረቃ ስበት ሲወጣና ሲወርድ፣ ኖራ ድንጋይ ሲሟሟ አታዩም። እነዚህን ከመጽሐፉ አንብቧቸው።

3. አሁን አንድ ሰው ጎረቤቱን ይበድል

የአይስክሬሙን እንጨት ከዳርቻው ወደ ውሃው አቅጣጫ፣ አሸዋው ውስጥ አቁማችሁ ትከሉት። ሞገዱን በሰያፍ ቀጥሉ። አሸዋው ከእንጨቱ ወዲህ፣ ሞገዱ በሚመጣበት በኩል ይከማቻል፣ ከወዲያ ያለው ግን እየሳሳ ይሄዳል። አንዱ ዳርቻውን ሲያድን የጎረቤቱን ቀለብ ቆረጠበት ማለት ነው።

ለዚህ ማስረጃ ከእንግሊዝ ምሥራቅ ዳርቻ ከሆልደርነስ የተሻለ የለም። የበረዶ ግግር ትቶት የሄደ ልል ሸክላ ነው፣ በአማካይ በዓመት ወደ 2 ሜትር ገደማ ይናዳል። እ.ኤ.አ. በ1991 ማፕልተን የምትባለውን መንደርና መንገዷን ለማዳን 2 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወጥቶ ሁለት የድንጋይ አጥሮች ወደ ባሕሩ ተሠሩ። መንደሯ ተረፈች። ከእሷ በስተደቡብ ያለው የእርሻ መሬት ግን ከበፊቱ በፈጠነ ሁኔታ መናድ ጀመረ። ፈተና ላይ "ገምግም" የሚል ጥያቄ ሲመጣ የሚፈለገው ይሄው ነው፤ ማን ተጠቀመ፣ ማን ከሰረ።

4. ተራራውንና ባሕሩን አገናኙ

ካርታ አውጡና ዓባይን በጣት ተከተሉት። "ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል" እንል የለ? ግንዱ ቀላሉ ነው፣ ዋናው ሸክም ደለሉ ነው። የግብፅን ለም ዴልታ (ወንዙ ባሕር ሲገባ በደለሉ የሠራውን ሜዳ) በሺዎች ዓመታት የገነባው ደለል አብዛኛው ከእኛ ደጋ በክረምት ጎርፍ የወረደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ደለሉን ናስር ሐይቅ ውስጥ አስቀረው። ቀለቡ የተቋረጠበት ዴልታ ደግሞ በሜዲትራኒያን ሞገድ መበላቱ ባሰ፤ ሮዜታ አጠገብ ያለው የመሬት ጫፍ ከኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ከአይስክሬሙ እንጨት ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፣ መጠኑ ብቻ ነው የሚለየው።

ጥንቃቄ ግን፤ ደለሉ በሙሉ የመጣው ደን ስለተጨፈጨፈ ነው ብላችሁ እንዳትጽፉ። ተራራው ገደላማ፣ ዝናቡም ከባድ ነው፣ ሰው መጥረቢያ ሳያነሳም ይሸረሸር ነበር። ምንጣሮው አባባሰው ነው የሚባለው።

5. የደኑን መፍትሔ ችግኝ ብቻ አታድርጉት

እዚህ ጋ ነው ተማሪ ሁሉ የሚወድቀው። "ችግኝ መትከል" ይልና ነጥብ ያደርጋል። ችግኝ ለመትከል አንድ ቀን ይበቃል፣ እንዲጸድቅ ግን ዓመታት ይፈልጋል። ቀጥሎ የሚጠየቀው ደግሞ ምን ዓይነት ዛፍ የሚለው ነው፤ ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ በምኒልክ ዘመን መጥቶ የማገዶ ችግር አቃለለ፣ ሥሩ ግን ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩም ሌላ ነገር ብዙ አያበቅልም።

ወላይታ ውስጥ ያለውን የሁምቦን የደን ፕሮጀክት ጥቀሱ። እ.ኤ.አ. በ2006 በዎርልድ ቪዥን ድጋፍ የተጀመረ ነው፣ 2,728 ሄክታር። በአብዛኛው የተደረገው አዲስ መትከል አይደለም። የተቆረጡት ዛፎች ጉቶ መሬት ውስጥ በሕይወት ነበር፤ ከብት እንዳይገባ ተከለከለ፣ ከጉቶው ከሚወጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹ ተመርጠው ሌላው ተገረዘ፣ ደኑም ተመለሰ። ሳሩን እያጨዱ መውሰድ ተፈቀደ። የመሬቱ የመጠቀም መብት ለሰባት የአካባቢው ማኅበራት ተሰጠ፣ ዓለም ባንክም ደኑ ከአየር ላይ ለሚይዘው ካርቦን ከፈላቸው። በአንድ ምሳሌ ውስጥ ዘዴው፣ ጥቅሙና ባለቤቱ አለላችሁ፣ የከብት ግጦሽ ያጣ ሰውም አለ።

ሌላው ምድጃ ነው። እንጀራ በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር ሙቀቱ በየጎኑ ያመልጣል፣ የተሻሻለ ምድጃ ደግሞ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ይሄን የጻፈ ተማሪ እምብዛም አላየሁም፣ ስለዚህ ጻፉት።

አንድ ቁጥር ግን እባካችሁ ተዉ። "ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ በደን ተሸፍና ነበር፣ አሁን 3 በመቶ ቀረ" የሚለውን። ታሪክ አጥኚዎች መነሻውን ፈልገው የተለካ ማስረጃ አላገኙለትም። የአሁኑም ቢሆን ደን ማለት ምንድን ነው በሚለው ይወሰናል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ቢያንስ ግማሽ ሄክታር፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ ጥላ ያለው ሁሉ ደን ተብሎ ሲቆጠር ሽፋኑ 15 በመቶ ገደማ ሆነ። በአንድ ሌሊት የበቀለ ዛፍ የለም፣ መለኪያው ነው የተቀየረው።

6. ጻፉት፣ ከዚያ አጽዱ

ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ገጽ ይበቃል። ቦታ፣ ዓመት፣ የሆነው ነገር፣ የተጠቀመና የከሰረ ወገን። ሥዕሉን ያለ መጽሐፍ፣ ከትሪው ትዝታ ሳሉት፤ የምስሯን መንገድ በቀስት።

ስታጸዱ ደግሞ አሸዋውንም ሆነ ያንን ማኪያቶ እቃ ማጠቢያው ውስጥ አትድፉት። የቧንቧው መታጠፊያ ላይ ውሃው ቀስ ይላል፣ ቀስ ሲል ሸክሙን ይጥላል። የእህቴ ልጅ ይሄን የተማረችው ቧንቧ ሠሪ ከተጠራ በኋላ ነው።