ሲጋርዎን ሳሎን ውስጥ ከመለኮስዎ በፊት፦ ከሰው ጋር በሚጋሩት ቤት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሲጋር፣ ማለትም በራሱ በትምባሆ ቅጠል የሚጠቀለለው ወፍራም ትምባሆ፣ በእኛ አገር እንደ ሲጃራ በየሱቁ በፍሬ የሚቸረቸር ነገር አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ከኤርፖርት ገዝቶ ይዞት ይመጣል፤ ወይም ለምርቃትና ለሠርግ በስጦታ ይሰጣል። አንዳንድ ቤት ደግሞ በልጅነታቸው ለትምህርት ወደ ኩባ ተልከው የነበሩ ሰዎች ይዘውት የተመለሱት ልማድ ነው። በዚህ ሁሉ ምክንያት ሲጋር ክብር አለው፤ ጣጣውን የሚያመጣውም ይኸው ክብሩ ነው። ሲጃራ ሲሆን ያለማንም ነጋሪ ደጅ የሚወጣ ሰው፣ ሲጋር ሲሆን ሶፋው ላይ ተደላድሎ ይለኩሳል።

አቋሜን ልደብቅ አልፈልግም። ከሌላ ሰው ጋር በሚጋሩት ቤት ውስጥ ሲጋር አይጨስም፤ ደጅ ተወጥቶ ይጨሳል። ይህን ስል ሲጋር የሚወድ ሰው እንዳይቀየመኝ፤ መዓዛው ደስ የሚለኝ ጊዜ አለ። ነገር ግን ቤት ውስጥ ለማጨስ የሚቀርቡት ምክንያቶች አንድ በአንድ ሲታዩ የሚቆም የላቸውም።

“ጢሱን ወደ ውስጥ አልስበውም” ማለት

ይህ የሲጋር አጫሾች የመጀመሪያ መከላከያ ነው። እውነትም ብዙዎቹ ጢሱን አፋቸው ውስጥ አጣጥመው ያወጡታል እንጂ እንደ ሲጃራ ወደ ሳንባ አይስቡትም። ጥያቄው ግን የአጫሹ ሳንባ ሳይሆን የክፍሉ አየር ነው። ያልተሳበው ጢስ የት ሄደ? እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው ያለው። አጫሹ ሲጋሩን መተርኮሻው ላይ አስቀምጦ ጨዋታ ሲያወራ እንኳ ጫፉ መንደዱን አያቆምም፤ ከዚያ የሚወጣውን ጢስ የሚቀበለው አብሮት የተቀመጠው ሰው ነው።

መጠኑም አይናቅም። አንድ ሲጃራ ውስጥ ያለው ትምባሆ 1 ግራም አይሞላም፤ በ10 ደቂቃ ውስጥም ያልቃል። ትልቅ ሲጋር ከ5 እስከ 20 ግራም ትምባሆ ሊይዝና ከአንድ ሰዓት በላይ ሊነድ ይችላል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኬት ሲጃራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል ማለት ነው። በዚያ ላይ የሚጠቀለለው አየር በሚያሳልፍ ወረቀት ሳይሆን በራሱ በትምባሆ ቅጠል ስለሆነ ሲነድ ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጥራል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚያጓጉዘው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ቅጠሉ እንዲብላላ ተደርጎ ስለሚዘጋጅም ናይትሮሳሚን የሚባሉት ካንሰር አምጪ ውህዶች ከሲጃራው ይልቅ በሲጋር ጢስ ውስጥ ይበዛሉ።

“በሳምንት አንዴ ብቻ እኮ ነው” የሚል ሰው ይህን ሒሳብ አብሮ ያስላ። ኩባን ጠቅሶ ለሚከራከር ደግሞ፣ ያለ ሲጋር ፊቱ የማይታሰበው የኩባ መሪ ፊደል ካስትሮ ራሱ በ1985 እ.ኤ.አ. ማጨስ አቁሟል።

መስኮት መክፈትንና ማሽንን መተማመን

ሁለተኛው መከላከያ መስኮት ነው። መስኮት መከፈቱ ብቻውን ጢሱ ይወጣል ማለት አይደለም፤ ነፋሱ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚነፍስ ከሆነ ጢሱን ገፍቶ ወደ ኮሪደሩና ወደ መኝታ ቤቱ ያስገባዋል። ይህን ማንም ሰው በቤቱ ሊሞክረው ይችላል። የሳሎኑን መስኮት ይክፈቱ፣ የመኝታ ቤቱን በር ይዝጉ፤ ከዚያ አንድ የሳንደል እንጨት ለኩሰው ከበሩ ሥር ካለው ክፍተት አጠገብ ይያዙት። ቀጭኗ የጢስ መስመር ቀጥ ብላ ወደ ላይ እየወጣች ቆይታ በድንገት ጎንበስ ትልና በክፍተቱ ሾልካ ስትገባ ያዩ ይሆናል። ሕፃኑ የተኛው ከዚያ በር ጀርባ ነው። ነፋሱ በሌላ አቅጣጫ ሲሆን ደግሞ ተቃራኒውን ያያሉ፤ ችግሩም ይኸው ነው፣ ነፋስ ቃል አይገባም።

ቬንቲሌተር ጢሱን ከማማሰል አያልፍም። አየር ማጣሪያ ማሽን የገዙ ሰዎች ደግሞ የበለጠ ይተማመናሉ። ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ 0.3 ማይክሮን የሚያህሉ ቅንጣቶችን 99.97 በመቶ ያህል ይይዛል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጋዝን ግን አይዝም። ከሰል ያለበት ማጣሪያ ከጋዞቹ የተወሰኑትን ይመጥጣል፣ እስኪሞላ ድረስ ነው እንጂ። ካርቦን ሞኖክሳይድን ሁለቱም አያቆሙትም። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሰርጀን ጄኔራል (የመንግሥቱ ዋና የሕዝብ ጤና ሐኪም) ሪፖርት ለሌላ ሰው የትምባሆ ጢስ መጋለጥ “ይህን ያህሉ አይጎዳም” የሚባል መጠን እንደሌለው፣ ክፍል መለየትም ሆነ አየር ማናፈስ አደጋውን እንደማያስወግድ በግልጽ አስቀምጧል። ሥራቸው አየር ማናፈሻ መንደፍ የሆነ የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር እንኳ መፍትሔው ቤት ውስጥ አለማጨስ ብቻ ነው ይላል። የራሱን ሸቀጥ “ለዚህ አይሆንም” የሚልን ባለሙያ ማመን አይከብድም።

ዕጣን ማጨስ

አጭር ነው፦ ዕጣንም ጢስ ነው። ሽታውን ይሸፍናል፣ በአየሩ ላይ ደግሞ የራሱን ቅንጣት ይጨምራል። ከቡና ጋር ቦታው ነው፤ የሲጋር ማርከሻ ሲሆን ግን ቤቱ ሁለት ጊዜ ጨሰ ማለት ነው። የሚረጨው ሽቶማ ከሁሉም ይብሳል።

“ምንም አይደል”ን እንደ ፈቃድ መቁጠር

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ጨዋነት ስለሚመስል ማንም አይነቃበትም። አጫሹ ይጠይቃል፦ “ባጨስ ይረብሻችኋል?” ቤቱ በሙሉ በአንድ አፍ “ኧረ ምንም አይደል!” ይላል። ጠያቂው ሕሊናውን አሳርፎ ክብሪቱን ይጭራል። እኛ ዘንድ ግን መልሱ ጥያቄው ሳይጠየቅ የታወቀ ነው። ታላቅ ወንድም ሲጠይቅ ታናሽ “አዎ፣ ይረብሸኛል” አይልም። እንግዳ ሲጠይቅ ባለቤት አይልም። ከኪራዩ ትልቁን ድርሻ የሚከፍል ደባል ሲጠይቅ ትንሿን የሚከፍለው አይልም። አባት ሲጠይቅ... አባት እንኳ አይጠይቅም።

መልሱን ይሉኝታ ከያዘው፣ መታየት ያለበት ከመልሱ በኋላ የሚሆነው ነው። በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ ከአሜሪካ የመጡ አጎት ወፍራም ሲጋር አውጥተው ፈቃድ ሲጠይቁ ነበርኩ። የሕፃኑ እናት ፈገግ ብላ “ጋሼ፣ ይጫወቱ እንጂ! ቤትዎ አይደል እንዴ?” አለቻቸው። ሲጋሩ ገና ግማሽ ጣት ያህል ሳይነድ ሕፃኑን አቅፋ “እንቅልፉ መጣ” ብላ ወደ ጓዳ ገባች። አያትየው የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ። አንድ ወጣት “ስልክ ልደውል” ብሎ ወንበሩን ይዞ ወደ በሩ ተጠጋ፤ ስልኩን ግን ከኪሱ አላወጣም። መነሳት ያልቻለችው ቡና የምታፈላው ልጅ ብቻ ነበረች፣ ጀበናው ከሰል ላይ ነበርና። አጎትየው ወደ እኔ ዘንበል ብለው “የአገራችን ሰው እኮ ደግ ነው፤ እንደ ፈረንጅ አያካብድም” አሉኝ።

የሰዎቹን መልስ ሳይሆን ወንበራቸውን ይመልከቱ። ወንበር ከተንቀሳቀሰ፣ ልጅ ከክፍል ከወጣ፣ ነጠላ ከተሳበ መልሱ ተሰጥቷል።

ጥያቄውንም መለወጥ ይቻላል። “ባጨስ ይረብሻችኋል?” የሚለው ሌላውን ሰው ክፉ እንዲሆን የሚያስገድድ ጥያቄ ነው። “ደጅ ወጥቼ ላጨስ ነው፤ በየት በኩል ብቀመጥ ጢሱ ወደ እናንተ አይመጣም?” ቢሉ ግን ለመመለስ ማንንም አያስጨንቅም። በእርስዎ እጅ የሚያድር ሰው፣ ማለትም የቤት ሠራተኛ፣ የሚያስተምሩት የዘመድ ልጅ፣ በችግር ምክንያት እርስዎ ዘንድ የተጠጋ ጓደኛ ቢጠየቅም እውነቱን አይነግርዎትም። ነፍሰ ጡር፣ አስም ያለበት ወይም ጨቅላ ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ ጥያቄው ራሱ አይነሳም። የትምባሆ ጢስ በልጆች ላይ አስምን እንደሚያባብስ፣ የጆሮ ሕመምና የጨቅላ ሕፃናት ድንገተኛ ሞት እንደሚያስከትል ከተረጋገጠ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በሌሎች ሰዎች ጢስ ሳቢያ በየዓመቱ የሚሞቱት ራሳቸው የማያጨሱ ሰዎች ከ1 ሚሊዮን እንደሚበልጡ ይገልጻል።

በደባልነት የሚኖሩ ሰዎች ጉዳዩን የሚነጋገሩበት ትክክለኛው ቀን ቤት የሚይዙበት ዕለት ነው፤ ማንም ሲጋር በእጁ ሳይዝ፣ ማንም ሳይቀየም። የውኃና የመብራት ክፍያ እንዴት እንደሚካፈሉ ሲስማሙ አንድ መስመር መጨመር ነው።

“ሳይመለሱ ቤቱ ይናፈሳል” ማለት

ቤተሰቡ ለቅሶ ወይም ገበያ ሲሄድ ጠብቆ የሚለኩስ አለ። አሳቢነቱ ጥሩ ነው፤ ጢሱ ግን ሲጠፋ ሁሉም ነገር አብሮ አይጠፋም። ኒኮቲን መጋረጃው ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ ሶፋው ላይ፣ አልጋ ላይ በተጣጠፈው ጋቢ ላይ ይጣበቃል። በ2010 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ይህ የተጣበቀ ኒኮቲን በቤት አየር ውስጥ ከሚገኝ ናይትረስ አሲድ ጋር ሲገናኝ አዲስ ካንሰር አምጪ ውህድ ይፈጥራል። በሳን ዲዬጎ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ አጫሾች ለቀዋቸው ባዶ ቆይተው ከተጸዱም በኋላ በቤቶቹ አቧራና ግድግዳ ላይ ኒኮቲን አግኝቷል። ምንጣፍ ላይ የሚድህ ልጅ እጁን ወዲያው ወደ አፉ ነው የሚወስደው።

ተከራይ ከሆኑ ይህ የገንዘብ ጉዳይም ይሆናል፤ አከራይ ሲረከብ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ማሽተት ነው።

በረንዳን እንደ ደጅ ማየት

የኮንዶሚኒየም በረንዳ ለእርስዎ ደጅ ቢመስልም ለላይኛው ፎቅ ነዋሪ ምድጃ ነው። ጢስ ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያ ደግሞ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል፣ መስኮትም ተከፍቷል። የጋራ ደረጃውም እንዲሁ ነው።

በአገራችን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በተዘጉ የሕዝብ መገልገያና የሥራ ቦታዎች ማጨስን ሲከለክል ከበራቸውና ከመስኮታቸው እስከ 10 ሜትር ያለውንም ጨምሯል። ትኩረቱ የሰው ሳሎን ባይሆንም 10 ሜትርን መለኪያ አድርጎ መውሰድ ብልህነት ነው። አሜሪካ ውስጥ በመንግሥት የሕዝብ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ምርጫ የላቸውም፦ ከ2018 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ በቤቶቹ ውስጥም ሆነ ከሕንፃው በ25 ጫማ፣ ማለትም በ7.5 ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ማጨስ ተከልክሏል። ሲጋርና ሺሻም በስም ተጠቅሰው ከክልከላው ገብተዋል። በረንዳው ከዚህ ርቀት ውስጥ ነው።

ቁራጩን እንደ ሲጃራ መጣል

ሲጋር የሚያውቁ ሰዎች ቁራጩን አይደፈጥጡትም፤ መተርኮሻው ላይ ትተውት በራሱ ይጠፋል። ልማዱ ደጅ ሲሆን ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ግን የጠፋ የመሰለው ቁራጭ ውስጡ እየጋለ ወረቀት ባለበት ቅርጫት ይገባል። አሸዋ ያለበት ቆርቆሮ ያዘጋጁ፤ ወደ ቆሻሻ ከመጣልዎ በፊት ውኃ ያፍስሱበት። በማግሥቱ ቤቱን ከሚያሸቱት ነገሮች ዋነኛው ይህ የከረመ ቁራጭ ነው፤ መተርኮሻውን ለሌላ ሰው አጽዱልኝ ማለትም አይገባም።

“ለዛሬ ብቻ” ማለት

ዓመቱን ሙሉ ማንም የማያጨስበት ቤት በአንድ እንግዳ ይፈታል። ምርቃት ነው፣ ልጅ ተወልዷል፣ ሰውዬው ከሩቅ ነው የመጣው። እንግዳን ከለኮሰ በኋላ ማስወጣት ከባድ ስለሆነ ሥራው ከመምጣቱ በፊት መሠራት አለበት። ከመስኮቶቹ ራቅ ብሎ ሁለት ወንበር ያውጡ፤ አንዱ ለእንግዳው ነው፣ ሌላው አብሮት ለሚወጣ ሰው ነው፤ ብቻውን የወጣ እንግዳ የተባረረ ይመስለዋል። መተርኮሻውን እዚያ ያስቀምጡ፣ ማታ ከሆነ ጋቢ ይጨምሩ። ሲጋሩ ከኪሱ ብቅ ሲል “ቦታዎ ተዘጋጅቷል፣ አብሬዎት ልውጣ” ማለት ነው። ሲመለስ እጁን ሳይታጠብና ኮቱን ሳያወልቅ ሕፃን እንዳያቅፍ ግን ውኃና ፎጣውን በሩ ላይ ይዞ የሚጠብቅ ልጅ ይመድቡ፤ ማስታጠብ ስለሆነ ማንም አይቀየምም።

ዝናብ ቢመጣና “ለኩሼዋለሁ እኮ፣ ይባክናል” ቢልዎት አይጨነቁ። ሲጋር ጠፍቶ ዳግም ይለኮሳል። አመዱን ማራገፍ፣ በስሱ እፍ ብሎ በውስጡ የቀረውን ጢስ ማስወጣትና ከመጠለያ ሥር ማኖር ነው፤ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ መልሶ ቢለኩሰው ከጣዕሙ የሚጎድለው ጥቂት ነው።